ከቤት ሆኖ ለሩቅ አሠሪ መሥራት፦ በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ወገኖች

“ከቤት ሆኖ መሥራት” ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ነው። ይሁን እንጂ ለጎጃም ሰው ቤት የሥራ ቦታ መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም። ሸማኔው ሸማውን የሚሠራው በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ነው፤ ፈትሉም የሚፈተለው በእናቶች እጅ፣ በምድጃው አጠገብ ነው። በሐዋርያት ሥራ 18፥3 እንደምናነበው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ተቀምጦ የሠራው ሙያቸው አንድ ስለ ነበረ ነው፤ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ። እንግዲህ አዲሱ ነገር ሥራው በቤት መሠራቱ ሳይሆን አሠሪው ሩቅ መሆኑ ነው። የሸማ ገዢ ጨርቁን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ ባለሙያውንም አውቆ ይገዛል። አዲስ አበባ ወይም ለንደን ላለ አሠሪ ግን ደብረ ማርቆስ ያለው ሠራተኛ አይታይም። የሚታየው የላከው ሥራ ብቻ ነው፤ ያልላከ ዕለት ደግሞ ምንም አይታይም።

ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ የሚጻፉት ምክሮች ብዙውን ጊዜ መብራት የማይጠፋበትን፣ መስመር የማይቋረጥበትን፣ ጎረቤትም በር የማያንኳኳበትን አገር አስበው የተጻፉ ናቸው። ጥሩ ወንበር ግዙ፣ በጠዋት ተነሡ፣ ልብስ ቀይሩ ይላሉ። ይህም አይከፋም። ለእኛ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ነገ ኢንተርኔት ቢቋረጥ የሰጠሁት ቃል ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ አስቀድሞ የመለሰ ሰው በቤቱ ሠርቶ ሊኖር ይችላል። ያልመለሰ ግን ችሎታ ቢኖረውም ሥራው በእጁ ላይ ይበተናል።

ለምን ይህን ያህል አስፈለገ?

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከባሕር ዳር ደግሞ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ከደጀን ወርዶ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ይህ መንገድ የተዘጋባቸው ወይም ያሰጋባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። በሌላ በኩል በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ሒሳብ፣ ኮምፒውተር፣ ቋንቋና ምሕንድስና የተማሩ ወጣቶችን ያስመርቃል። ከተማዋ ግን ለሁሉም የሚሆን መሥሪያ ቤት የላትም። ያለው አማራጭ መሰደድ ወይም በወላጅ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ ብቻ እንዳይሆን፣ ሥራውን ወደ ቤት ማምጣት የሚቻልበትን መንገድ መፈለግ ተገቢ ነው።

በአገር ደረጃ ብዙ ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ እንዲሠራ የታዘዘው በኮሮና ጊዜ ነበር። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችም ከቤታቸው እንዲሠሩ ተባለ። ያ ጊዜ አንድ ነገር በግልጽ አሳየ፤ ሥራ ወደ ቤት የሚገባው ፋይሉ አብሮ መግባት ሲችል ነው። መዝገቡ በመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የቀረበት ሠራተኛ “ከቤት ሥራ” ቢባልም ያረፈው ዕረፍት ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ይህን መንገድ ሲያስብ አስቀድሞ ሙያውን ይመርምር። የሒሳብ መዝገብ መያዝ፣ ትርጉም፣ የጽሑፍ እርማት፣ የድምፅ ቅጂን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ የመጽሐፍና የማስታወቂያ ንድፍ፣ የፕሮግራም ሥራ፣ ተማሪን በስልክ ማስጠናት፣ እነዚህ በቤት የሚሆኑ ናቸው። ለጀማሪም ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚሰጥ ስለ ሆነ ጥሩ መነሻ ነው፤ ምንም እንኳ የምስክር ወረቀቱ ብቻውን ሥራ ያመጣል ብዬ ባላምንም።

ሰዓትን ሳይሆን የተፈጸመ ሥራን መሸጥ

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የነገሩ ሥር ይህ ነውና። በአገራችን ኢንተርኔት በተደጋጋሚ ተቋርጧል። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ከተፈጸሙት ግድያዎች በኋላ ለቀናት ጠፍቷል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጧል። በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ በአንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ነበር። አንድ ዓመት! ኑሮውን በመስመር ላይ ለመሠረተ ሰው ይህ የአንድ ቤተ ሰብ ቀለብ ነው።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ውል አለ። አንደኛው “ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ትገኛለህ፣ ስትጠራ ትመልሳለህ” የሚል ነው። ሁለተኛው “ይህን ሥራ በዚህ ቀን ታስረክባለህ” የሚል ነው። የደብረ ማርቆስ ሰው በተቻለ መጠን ሁለተኛውን ይምረጥ፤ ክፍያው በጥቂቱ ቢያንስ እንኳ። በመስመር ላይ መገኘትን የሸጠ ሰው የሸጠው በእጁ የሌለውን ነገር ነው። ሥራን የሸጠ ግን ሁለት ቀን መስመር ቢጠፋም በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ፋይል ይሠራል፤ መስመር ሲመጣ በአሥር ደቂቃ ይልካል።

ይህ እንዲሆን ልማድን መለወጥ ያስፈልጋል። ለሳምንቱ የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ማለትም ሰነዱ፣ መዝገበ ቃላቱ፣ የአሠሪው መመሪያ፣ መስመር ባለበት ቀን ወርዶ በኮምፒውተሩ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የተሠራውም በየቀኑ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ በኮምፒውተሩ፣ ሌላው በፍላሽ ወይም በውጭ ዲስክ። የማስረከቢያ ቀን ሲጠየቅ ሥራው አራት ቀን የሚፈጅ ከሆነ ሰባት ቀን ማለት ነው። በአምስተኛው ቀን ቢላክ አሠሪው ይደሰታል፤ አራት ተብሎ በሰባተኛው ቢደርስ ግን ሁለተኛ አይጠራንም።

ከሁሉ በላይ ግን አሠሪው ገና ሲጀመር እውነቱን ይወቅ። ብዙ ወጣቶች “ኢንተርኔት ይጠፋል ካልሁ አይቀጥሩኝም” ብለው ይደብቃሉ፤ የተደበቀው ግን በመጀመሪያው ወር ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ችግሩ የመስመር መሆኑ ቀርቶ የመታመን ይሆናል። ይልቅስ በጽሑፍ እንዲህ ተስማሙ፦ ለሁለት ቀን ድምፄ ካልተሰማ በዚህ ቁጥር ደውሉልኝ ወይም አጭር መልእክት ላኩልኝ፤ ስልክም ካልሠራ ዘመዴን አዲስ አበባ በዚህ ቁጥር አግኙት። ሁለት ዓይነት መስመር መያዝም ይጠቅማል። በቤት የሚገባው የገመድ ኢንተርኔትና የሞባይሉ ሁልጊዜ አብረው አይጠፉም፤ ከሁለት ኩባንያ ሲም ካርድ ማውጣት የሚቻልበት ቦታም ቢሆን እንደዚያው። ሁሉም ሲቀር የአባቶቻችን መንገድ አለ፤ ፍላሹን በፖስታ አሽጎ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ በሚታመን መንገደኛ እጅ መላክ። የሒሳብ ሰነድ ወይም የመጽሐፍ ረቂቅ እንዲህ ቢደርስ ነውር የለበትም፤ ፋይሉ ግን በይለፍ ቃል ይቆለፍ።

መብራት፣ ዝናብና የቆርቆሮ ጣራ

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሞተው ኮምፒውተሩ ሳይሆን የኢንተርኔት ማከፋፈያው (ራውተሩ) ነው፤ ላፕቶፑ ባትሪ አለውና። ራውተር የሚፈልገው ኃይል ደግሞ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው 10 ዋት አካባቢ ይበላል። 20,000 ኤምኤኤች የተባለ ፓወር ባንክ በስሌት 74 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የሚባክነው ተቀንሶ ራውተሩን አምስት ሰዓት ያህል ያቆየዋል። የሚያስፈልገው ከ5 ቮልት ወደ 12 ቮልት የሚያሳድግ ገመድ ብቻ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የራውተራችሁን ጀርባ አንብቡና ቮልቱን አረጋግጡ። ይህ ከጄኔሬተር እጅግ የረከሰ መፍትሔ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው አያስበውም። በክረምት መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ኮምፒውተሩን ከሶኬት መንቀል ነው፤ ማንኛውም መከላከያ ዕቃ ከተነቀለ ገመድ አይበልጥም።

በክረምት ሌላም ነገር አለ። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ዝናብ ሲዘንብ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም፤ በስልክ ስብሰባማ እንዴት ይሆናል? የደጋው ዝናብ በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ የስልክ ንግግር በጠዋት እንዲሆን መጠየቅ ጥሩ ነው። ካልሆነም ማይክሮፎኑ ወደ አፍ የሚቀርብ ማዳመጫ መጠቀም፣ ከዚያም “ዝናብ ስለ ሆነ በጽሑፍ እመልሳለሁ” ማለት ይቻላል። ምስል ባይበራም ማንም አይቀየምም። የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት አንድ ጊጋባይት አካባቢ ሊበላ ሲችል የድምፅ ብቻ ከሆነ ከአንድ መቶ ሜጋባይት በታች ነው፤ ጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው ይህ ብዙ ብር ነው።

“በ9 ሰዓት እንገናኝ” ሲባል

የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከሌላው ዓለም በስድስት ሰዓት ይለያል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም ብዙ ቀጠሮ የሚከሽፈው በዚሁ ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳስተው ግን የእነርሱ ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ መለዋወጡ ነው። የእኛ አይለወጥም። ኒው ዮርክ ላይ በእነርሱ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት ሲሆን በበጋቸው በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ግን 11 ሰዓት ይሆናል። ለንደን ጠዋት 9 ሲሆን በበጋቸው በእኛ 5 ሰዓት፣ በክረምታቸው 6 ሰዓት ነው። አሜሪካ ሰዓቱን የሚለውጠው በማርች ሁለተኛ እሁድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ነው፤ አውሮፓ ግን በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ። በመካከሉ ባሉት ሳምንታት ከሁለቱም ጋር የሚሠራ ሰው ቢደናገር አይፈረድበትም። መድኃኒቱ ቀጠሮን ሁልጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ቀኑንም በሁለቱም ካላንደር ጽፎ መላክ ነው።

ቤት የዋለ ሰው ሥራ ፈት አይደለም

ከመስመርና ከመብራት ይልቅ ከባድ የሚሆነው ይህ ነው። በእኛ ዘንድ ሥራ ያለው ሰው ጠዋት ለብሶ ይወጣል፤ ቤት የዋለ ግን ወይ ታሟል ወይ ሥራ ፈቷል። ስለዚህ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠች ልጅ “አንቺ እንግዲህ ቤት ነሽ” ተብላ ሽሮ እንድታስፈጭ፣ እህል ጸሐይ ላይ እንድታሰጣ፣ እንግዳ እንድትቀበል ትላካለች። ማንም ሊጎዳት ብሎ አይደለም። ሥራዋ ስለማይታይ ነው።

ለዚህ በኩርፊያ ሳይሆን በንግግር ነው የሚደረሰው። አባትና እናት ባሉበት፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ሥራው ምን እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ መንገር ያስፈልጋል። ከተቻለ የመጀመሪያው ደመወዝ ሲመጣ ከእርሱ ላይ ለቤት የሚሆን ነገር መግዛት ነው፤ ከዚያ በኋላ “ዝም በሉ፣ ሥራ ላይ ናት” የሚሉት እናት ራሳቸው ይሆናሉ። ለብቻ ክፍል የሌለው ሰው ጥግ ይያዝ፤ መጋረጃም ቢሆን ምልክት ነው። ተጋርዶ ከሆነ ሥራ ላይ ነኝ፣ ተገልጦ ከሆነ ግቡ።

ጎረቤትስ? እትዬ እገሊት “ቡና ጠጡ” ብለው ሲጠሩ በየቀኑ እምቢ ማለት ከሰፈር መለየት ነው፤ በየቀኑ ከአቦል እስከ በረካ መቀመጥም ሥራን ማጥፋት ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ወደ እርሳቸው ቤት ቀድሞ መሄድ፣ ወይም አቦሉን ጠጥቶ በትሕትና ይቅርታ ጠይቆ መነሣት ይቻላል። ለቅሶ ግን ሌላ ነው። ለቅሶ አይቀርም፣ መቅረትም የለበትም። ከላይ በማስረከቢያ ቀን ላይ ሦስት ቀን ጨምሩ ያልሁት ለመስመር ብቻ አልነበረም።

ባለ ትዳር ሴት ከሆነች ሸክሙ እጥፍ ነው፤ ቀን የቤቱን ሥራ ሠርታ ሌሊት ለአሠሪዋ ትቀመጣለች። ይህ ከጥቂት ወራት በላይ አይዘልቅም። ባል ሕፃኑን ይዞ ሁለት ሰዓት ቢወጣላት፣ ወይም ከደመወዟ ላይ ለሚያግዛት ሰው ቢከፈል፣ ያ ሥራው የሚጠይቀው ወጪ ነው እንጂ ቅንጦት አይደለም።

ስለ ቤተ ክርስቲያንም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። “እርሱ ቤት ነው፣ ጊዜ አለው” እየተባለ እንግዳ የሚቀበለው፣ ወንበር የሚያደራጀው፣ የኅብረቱን ደብዳቤ ሁሉ የሚጽፈው አንድ ወንድም በየአጥቢያው አይጠፋም። ባንክ ቤት ቢሠራ ኖሮ ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ማንም አይጠራውም ነበር። ሽማግሌዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ወንድምም በአገልግሎት ሰዓቱ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ቢመጣ እንዲሁ።

የአማርኛ ጽሑፍ ለሚልኩ

በአጭሩ፦ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ አሮጌ ፊደላት የተጻፈ ጽሑፍ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ግዕዝ በዩኒኮድ ከገባ ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ስለዚህ በዩኒኮድ ጻፉ፤ አብራችሁም የፒዲኤፍ ቅጂ ላኩ።

ውልና ክፍያ

አሠሪው በአገር ውስጥ ያለ ድርጅት ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቤቱ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ቦታ ሰጥቷል። ሠራተኛው በራሱ ቤት ወይም በመረጠው ቦታ፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር፣ በደመወዝ ዘወትር የሚሠራ ከሆነ ይህ ራሱን የቻለ የሥራ ውል ነው። አሠሪው ጥሬ ዕቃ “ሸጦ” ምርቱን መልሶ “የሚገዛ” ቢመስልም ሕጉ እንደዚሁ ያየዋል፤ ይህ በተለይ ለሽመናና ለጥልፍ ባለሙያዎች ይጠቅማል። አሠሪው የሠራተኛውን አድራሻ፣ የሰጠውን ዕቃ፣ የታዘዘውን ሥራ መጠንና ጥራት፣ የማስረከቢያ ጊዜና ቦታውን፣ የክፍያውንም ልክ በመዝገብ መያዝ አለበት። እናንተም ይህንኑ ዝርዝር በራሳችሁ ደብተር ጻፉ። በራሱ ንግድ ወይም ሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ የመንግሥት ሠራተኛም የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው።

አሠሪው ውጭ አገር ከሆነ የእኛ አዋጅ ሩቅ ነው፤ መተማመኛው በትንሽ ሥራ መጀመርና ክፍያን በየደረጃው መቀበል ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ገንዘቡ በየት እንደሚመጣ ወደ ባንካችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የባንኩን የስዊፍት ኮድና ስማችሁ በሒሳቡ ላይ በላቲን ፊደል እንዴት እንደ ተጻፈ በትክክል ያዙ። በአንድ ፊደል ስሕተት ክፍያ ይመለሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ባወጣው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ከውጭ በሚላክ ገንዘብ ወይም በውጭ ምንዛሪ በሚከፈል ደመወዝ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ያላቸው ነዋሪዎች ገንዘቡን ይዘው ለትምህርት፣ ለሕክምናና ለመሳሰሉት የውጭ አገልግሎቶች እንዲከፍሉበት ተፈቅዷል። በአገር ውስጥ ላለ ክፍያ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ግንቦት የጀመረው ቴሌብርና የባንኮች የሞባይል አገልግሎት በቂ ናቸው፤ መስመር በተቋረጠ ጊዜ ግን ገንዘቡ መግባቱን የሚያረጋግጥላችሁ ቅርንጫፉ ስለ ሆነ የሒሳብ ደብተራችሁን አትጣሉ። ለመመዝገቢያ ቀድማችሁ ብር አስገቡ፣ ሰው ባመጣችሁ ቁጥርም ትከፈላላችሁ የሚል “የኢንተርኔት ሥራ” ቢመጣ አትንኩት፤ ሠራተኛ ለአሠሪ አይከፍልም።

የደመወዙ ወር በማን ካላንደር እንደሚቆጠርም በውሉ ይጻፍ። በፈረንጆች ወር የሚከፈለው ሰው ጳጉሜን በዚያው ወር ውስጥ ተቆጥራ ትመጣለታለች፤ በእኛ ወር የሚከፈለው ግን አምስቱን ቀን፣ በየአራት ዓመቱም ስድስቱን፣ እንዲሁ ይሠራል።